112 ኪሎ ነኝ፤ ዳሌዬ ሊቀየር ሲል «መጀመሪያ ኪሎ ይቀንሱ» ተባልኩ

ቾክና ዳስተር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ርዝመቱ ይቅርታ፤ አስተማሪ ነኝና ማሳጠር አልችልበትም።

ዕድሜዬ 57፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ64፣ ክብደቴ ሐኪም ዘንድ በተመዘንኩበት ቀን 112 ኪሎ። ግራ ዳሌዬን ካመመኝ ሦስት ዓመት አለፈው። የመጀመሪያውን ዓመት የጨረስኩት ጉልበቴን ሳሽ ነው፤ ያልቀባሁት ቅባት፣ ያልጠቀለልኩበት ጨርቅ የለም። ለካ ጉልበቴ ምንም አልበደለም። የዳሌ ሕመም ብሽሽት ላይ ተነስቶ ወደ ጉልበት እንደሚወርድ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ራጅ ስነሳ «ልም አጥንቱ አልቋል፤ አጥንት ከአጥንት ነው የሚፋተገው» ተባልኩ።

የማስተምርበት ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ 23 ደረጃ አለው። ድሮ ከባልደረቦቼ ጋር እየተጫወትኩ ስለምወጣ ስንት እንደሆነም አላውቅም ነበር። አሁን እያንዳንዱን አውቀዋለሁ። 11ኛው ላይ ቆሜ ቦርሳዬን ከፍቼ የጠፋኝ ዕቃ ያለ አስመስላለሁ፤ ተማሪዎቹ ስቃትት እንዳይሰሙኝ። ካልሲው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ወደ ግራ እግሬ ጎንበስ ስል፣ እጄ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ሳይደርስ፣ ዳሌዬ እንደተቀረቀረ በር ድርቅ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ መታጠፍ የለም። ባለቤቴ ነው በየጠዋቱ ተንበርክኮ የሚያደርግልኝ። አንድ ቀን እሱ በሌለበት በልብስ መስቀያ ሽቦ ልሞክር ብዬ ሁለት ካልሲ ቀድጄ፣ በባዶ እግሬ ጫማ አጥልቄ ሄድኩ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሰርጅኑ ጨዋ ሰው ነው፤ አላንጓጠጠኝም። ራጁን አየና «መቀየር አለበት» አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣኝ፣ ካልኩሌተሩን ጠቅ ጠቅ አደረገና «ቢኤምአይዎ 41.6 ነው። ከ40 በታች ሲያወርዱት ይመለሱ፤ ያን ጊዜ እንሠራዋለን» ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። አምስት ደቂቃም አልፈጀ።

ቤት ገብቼ አሰላሁት። ክብደት በኪሎ፣ ሲካፈል ለቁመት በሜትር ካሬ። በእኔ ቁመት 40 ማለት 107.6 ኪሎ ነው። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው የሚለየኝ 5 ኪሎ ብቻ ነው ማለት ነው። በዚያው ክብደቴ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ብረዝም ኖሮ 39.7 እሆንና ዛሬ ወረፋ ይዤ ነበር። 30 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ 107 ላይ ደህና፣ 108 ላይ አደጋ የሚሆን ነገር አይዋጥልኝም።

እልህ ያዘኝና በቀን አንዴ ብቻ መብላት ጀመርኩ። በሁለት ሳምንት 2 ኪሎ ወርዷል። ግን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ዓይኔን ጭልም ያደርገኛል።

ውፍረት እውነት የዳሌ ቅያሪን ውጤት ያን ያህል ያበላሸዋል ወይስ ሰበብ ነው? የሚገባው ብረትስ እኔን ይችለኛል? ደግሞ «መራመድ ስትጀምሪ ኪሎው ራሱ ይወርዳል» የሚሉኝ እውነታቸውን ነው? ያለፈበት ወይም ሙያው የሆነ ሰው ይመልስልኝ።

አረንጓዴ ጋውን

ቲቸር፣ ሐኪም አይደለሁም። የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝ፤ ለሰርጅን መሣሪያ የማቀብል። ዳሌ ሲቀየር 14 ዓመት ጠረጴዛው ዳር ቆሜያለሁ። በዚያች አምስት ደቂቃ ያልተነገረዎትን ልንገርዎት።

ዳሌ ጥልቅ ነው። ጉልበት ከቆዳ ሥር ነው ያለው፤ ዳሌ ግን ከቆዳ፣ ከሞራ፣ ከጠንካራ ሽፋንና ከጡንቻ በታች ተደብቋል። ቀጭን ሰው ላይ ሞራው የአንድ ጣት ውፍረት ነው፤ ሰርጅኑ ቀድዶ ሁለት መያዣ ሲያስገባ መገጣጠሚያው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሞራው መዳፍ የሚያሰጥም ሲሆን ግን «ረጅሙን ስጪኝ» ይመጣል። ቅዱ ይረዝማል፣ ሞራውን ወደ ጎን ስቦ የሚይዝ ሌላ ሰው ይጨመራል። ያ ሰው እኔ የሆንኩ ቀን ማታ ክንዴ ማንኪያ ለማንሳት ይንቀጠቀጣል። ሰዓቱም ይገፋል፤ ቁስል ተከፍቶ በቆየ ቁጥር ደግሞ ደሙም፣ የኢንፌክሽን ዕድሉም ይጨምራል።

ከዚያ ጽዋው አለ። የዳሌ አጥንት ውስጥ የሚገጠመው ጽዋ 40 ዲግሪ ገደማ ዘንበል፣ 15 ዲግሪ ገደማ ወደ ፊት ዞር ብሎ እንዲቀመጥ ይፈለጋል። ለእርስዎ ማዕዘን አላስረዳም። ታካሚው ብዙ ጊዜ በጎኑ ነው የሚተኛው፤ ሰርጅኑ አቅጣጫውን የሚያውቀው የአጥንቱን ጉብታዎች ዳብሶ ነው። ሞራ ውስጥ ጉብታ አይዳሰስም። ዳሌውም ጠረጴዛው ላይ ከታሰበው በላይ ያዘነብላል፣ የጭኑ ክብደት የመሣሪያውን እጀታ ይገፋል። ጽዋው ጥቂት ከሳተ ሉሉ፣ ጽዋው ውስጥ የሚዞረው ኳስ፣ ሊወልቅ ይችላል። በዚያ ላይ ሰውየው ሲቀመጥ ወፍራም ጭኖች እርስ በርስ እየተገፋፉ ሉሉን እንደ ማንሻ ፈንቅለው ያወጡታል። ውልቃት ወፍራም ሰው ላይ የሚበዛበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሰርጅን እንቅልፍ የሚያጣው ግን በኢንፌክሽን ነው። ሞራ ደም ሥሩ ጥቂት ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚጓዘው በደም ነው። ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሴፋዞሊን እንሰጣለን፤ ለብዙ ሰው 2 ግራም፣ ከ120 ኪሎ በላይ ለሆነ 3 ግራም። ያም ሆኖ ሲሳብና ሲጨመቅ የዋለ ሞራ ይሞትና ይቀልጣል። ፈሳሹ ከስፌቱ በታች ይጠራቀማል፣ ከዚያ በስፌቱ በኩል ይንጠባጠባል። ሳምንት አልፎት የማይደርቅ ቁስል ካየን ሁላችንም ፊታችን ይለወጣል። ምክንያቱም ባክቴሪያ ወደ ብረቱ ከወረደ እንደ ንፍጥ ያለ ሽፋን ሠርቶ ይጣበቅበታል፤ አንቲባዮቲክ ያን ሽፋን አልፎ ሊገድለው ይቸግረዋል። ያኔ እንደገና ተከፍቶ መታጠብ፣ ሲከፋም ሁሉም ወጥቶ አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ለሳምንታት ወይም ለወራት ተቀምጦ፣ በኋላ ሌላ መገጣጠሚያ ማስገባት ይመጣል። እንዲህ ያለ ጥልቅ ኢንፌክሽን በጥቅሉ ከ100 ታካሚ አንዱን ገደማ ነው የሚያገኘው፤ ክብደት ሲጨምር ይህ ቁጥር ከፍ ይላል፣ ከ40 ቢኤምአይ ወዲያ ደግሞ ይበልጥ ያሻቅባል። ስለዚህ ልክ ነዎት፣ ገደል አይደለም። ዳገት ነው። ግን ዳገቱ አለ።

የእግር ደም መርጋትም ይጨምራል፤ ስለዚህ ነው በማግስቱ፣ አንዳንዴም በዚያው ቀን ከአልጋ የምናስነሳችሁ። ሰመመን የሚሰጠው ባለሙያ ደግሞ «ያንኮራፋሉ?» ብሎ ከጠየቀዎ አይፈሩት። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሰው ከማደንዘዣና ከከባድ ማስታገሻ በኋላ የተለየ ክትትል ይፈልጋል። ባለቤትዎን ይጠይቁ፤ አንኮራፊ ራሱን አይሰማም።

ብረቱ ይችልዎታል። ጭን አጥንት ውስጥ የሚገባው ብረት ግንድ ይባላል፤ በጣም ቀጫጭን ለሆኑት ግንዶች አምራቾቹ የክብደት ጣሪያ ያስቀምጣሉ፤ ሰርጅኑ ልኩን ሲመርጥ ያንን ያያል። ግንድ ተሰብሮ የመጣ ሰው በ14 ዓመቴ አንድ ብቻ ነው ያየሁት። ዘመናዊው የዳሌ ቅያሪ የሚጀምረው ሰርጅኑ ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 እንግሊዝ አገር ከሠራው ነው። ከዚያ በፊት ጽዋውን በቴፍሎን ሞክሮት በጥቂት ዓመት ተበልቶ አስቸግሮት ነበር፤ ፖሊኢትሊን የሚባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ ሲያገኝ ነው ነገሩ የቆመለት። የዛሬው ፖሊኢትሊን ደግሞ ከዚያኛውም እጅግ የጠነከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ግምገማ ከ100 ዳሌ 58 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆይ ነው ያሰላው።

በቀን አንዴ መብላቱን ግን ዛሬውኑ ይተዉት። ለምን እንደሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳ እዚህ ቤት አይጠፋም።

ሁለት ምርኩዝ

እህቴ፣ እኔ ያለፈብኝ ሰው ነኝ። 61 ዓመቴ ነው፤ ቀኝ ዳሌዬ ከተቀየረ ስድስት ዓመት ሆነው። የገባሁት በ118 ኪሎ ነበር። ማንም «ቀንስ» አላለኝም፤ ተሰለፍኩ፣ ተሠራሁ።

አራተኛው ቀን ላይ በራሴ እግር ሽንት ቤት ደረስኩ። ያ የሚፋተግ ሕመም፣ ሌሊት ከጎን ወደ ጎን ሲገላበጡ የሚያስጮኸው፣ የለም። ነበር ስል አስበው አላገኘውም። ማደንዘዣው መስሎኝ ነበር፤ ቀን ጠበቅኩ፣ አልተመለሰም።

ከዚያ በ9ኛው ቀን ጠዋት ፒጃማዬ ላይ የሳንቲም ታህል እድፍ አየሁ። ቢጫ ነገር፣ ጫፉ ቀላ ያለ። ላብ ነው አልኩ። በማግስቱ ሁለት ሳንቲም አከለች። በ11ኛው ቀን ፋሻው ረጥቦ አንሶላው ድረስ ደረሰ፤ ሽታም ነበረው። ባለቤቴ «ደውል» ስትለኝ «ቀጠሮዬ ከሦስት ቀን በኋላ ነው» ብዬ ተከራከርኩ። ጅል ነበርኩ። አንቺ ከተሠራሽ በኋላ እንዲህ ያለ እድፍ ካየሽ ቀጠሮ የሚባል ነገር እርሺ፣ በዚያው ሰዓት ደውይ።

እንደገና ከፍተው አጠቡኝ፣ የፕላስቲኩን ክፍል ቀየሩ፣ ብረቱን ተዉት። ስድስት ሳምንት አንቲባዮቲክ። ብረቱ ተረፈ፤ ዛሬ ያለ ምርኩዝ ነው የምሄደው፣ ስሜን ለትዝታ ነው የተውኩት።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሁለተኛ ጊዜ ስተኛ አንዲት ወጣት ሐኪም የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ አዘዘችልኝ። 9.4! ስኳር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ክኒኔንም እውጣለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በፊት ስንት ላይ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ሁሉም ሆዴን ነው ያየው፣ ደሜን ያየ የለም። ሌላም ነገር አለ፤ እኔን የቀደዱኝ ከፊት በኩል፣ ብሽሽቴ አጠገብ ነው። ስቀመጥ የሆዴ እጥፋት ቁስሉ ላይ ይተኛል፤ ሙቀት፣ ላብ፣ ጨለማ። አየር የሚባል አያገኝም። የፊት ቅድ ለብዙ ሰው ጥሩ ነው ይላሉ፤ ለእኔ ዓይነት ሆድ ግን ሌላ መንገድ ይሻል ነበር ያለኝ ራሱ ያጠበኝ ሰርጅን ነው። አንቺም «ከየት በኩል ነው የሚቀዱኝ?» ብለሽ ጠይቂ።

ኪሎው ራሱ ይወርዳል ለሚሉሽ፦ እኔ 4 ኪሎ ጨመርኩ። መራመድ ችዬ ነው የጨመርኩት! የተቀየረው ዳሌዬ እንጂ ሆዴና እጄ አይደለም።

እንደገና ትሠራዋለህ ወይ ካልሽኝ፣ ነገ። ግን ስኳሬን አስተካክዬ።

ቁጥር አይገዛኝም

እኔ ልናገር ነው፣ ቅር የሚለው ይበለው። ወፍራም ሰው ሐኪም ቤት ሲገባ ጉሮሮው ቢያመው «ኪሎ ቀንስ» ነው መልሱ። ዳሌው የተበላሸ ሰው በምን እግሩ ሮጦ ይቀንስ? ሳይቀንስ ይቆያል፣ ሲቆይ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጡንቻው ሲሟሽሽ ይወፍራል፣ ከዚያ «ይኸው አልቀነሰም» ይባላል።

ደግሞ መመሪያው ራሱ ከዚህ ወጥቷል። 40 የምትለዋ ቁጥር የተስፋፋችው የአሜሪካ የዳሌና ጉልበት ሰርጅኖች ማኅበር የሥራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ከ40 በላይ ለሆነ ሰው ማዘግየት ይታሰብበት ካለ በኋላ ነው። ይኸው ማኅበር ከአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ግን ቀዶ ጥገና ለሚያስፈልገው ሰው የተወሰነ ቢኤምአይ እስኪደርስ ተብሎ እንዳይዘገይ ነው የመከረው። የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የእንግሊዙ ተቋም ናይስም እ.ኤ.አ. በ2022 በአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት) መመሪያው ላይ ሰውን በውፍረቱ ምክንያት ከሪፈር አታስቀሩ ብሏል። ይህን አትመሽ ሰርጅንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪለት።

አረንጓዴ ጋውን

ወንድሜ መመሪያውን በትክክል ነው የጠቀስከው፤ ግን ግማሹን። ይኸው የ2023 መመሪያ ስኳሩ በደንብ ላልተያዘ ሰው እስኪስተካከል፣ ለሚያጨስ ሰውም እስኪቀንስ ወይም እስኪያቆም ቢዘገይ ይሻላል ይላል። ክብደቱን ብቻ ነው ከበሩ ላይ ያነሳው። ምክንያቱም በ5 ኪሎ ቁስል አይለወጥም፤ በስኳር ግን ይለወጣል። መመሪያ ደግሞ ሰርጅን አያስገድድም፤ ቡድኑ፣ ጠረጴዛው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ለከባድ ታካሚ የተዘጋጀ ካልሆነ «እኔ ጋ አይሆንም» ማለት ሐቀኝነት ነው። እንዲህ ካለ ግን የሚሆንበትን ቦታ መጠቆም አለበት።

ቲቸር፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አይጣሉበት። ሰርጅንን እኔ አውቀዋለሁ፤ ይኮሳተራል። «ከ5 ኪሎው ሌላ እኔ ላይ የሚያሳስብዎት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት።

ቀስ በቀስ ፊዚዮ

ጤና ይስጥልኝ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። መምህርት፣ ሦስት ነገር ልበልና ልሂድ፤ ታካሚ እየጠበቀኝ ነው።

መጀመሪያ ረሃቡ። ወፍራም ሰው በምግብ እጥረት ሊጎዳ ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን አያምንም። ራስን በማስራብ የሚወርደው ኪሎ ሞራ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዳሌዎን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ደግሞ ያ ጡንቻ ነው። ቁስልም የሚገጥመው በፕሮቲን ነው። አልቡሚን የሚባለው የደም ምርመራ ከ3.5 በታች የሆነባቸው ሰዎች ቁስላቸው ይበልጥ እንደሚያስቸግር ይታወቃል። 107 ኪሎ ሆነው፣ ደክመውና አልቡሚንዎ ወርዶ ከሚገቡ፣ 112 ሆነው ጠንክረው ቢገቡ እመርጣለሁ። በየምግብዎ ላይ ፕሮቲን ይኑር፣ ማዕድ አይዝለሉ፤ የሚቀንሱትን ከጣፋጩና ከቅባቱ ይቀንሱ።

ሁለተኛ፣ «5 ኪሎ ምን ይለውጣል» ላሉት። ለቀዶ ጥገናው ብዙ አይለውጥም። ለሕመሙ ግን ይለውጣል። ሜዳ ላይ በዝግታ ሲራመዱ ዳሌዎ ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚያርፈው ጫና የሰውነትዎን ክብደት 2 ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ይህ የሚታወቀው በግምት አይደለም፤ ውስጣቸው መለኪያ የተገጠመላቸው ሰው ሠራሽ ዳሌዎች ታካሚው ውስጥ ሆነው የላኩት ቁጥር ነው። ሲደናቀፉ ከ8 እጥፍ በላይ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። እንግዲህ 5 ኪሎ በየእርምጃው 12 ተኩል ኪሎ ነው፤ ያባዙት፣ እርስዎ ያውቁበታል።

ሦስተኛ፣ ምርኩዝ ይይዛሉ? በየትኛው እጅ? ግራ ዳሌ ለሚያመው ምርኩዝ በቀኝ እጅ ነው። ሰው ሁሉ በታመመው በኩል ይይዘዋል፤ ፊልም ላይም እንደዚያ ነው የማየው፣ ያናድደኛል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ ምርኩዙና የታመመው ይቅደሙ። መሮጥ የጠየቀዎት የለም። ከወንበር እጅ ሳያስደግፉ መነሳትና መቀመጥ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ጀርባ ላይ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ከፍ ማድረግ። ገንዳ ካገኙ ደረት ድረስ በሚደርስ ውኃ ውስጥ መራመድ፤ ውኃው ይሸከምዎታል።

ሐኪም የማቅጠኛውን መርፌ፣ ሰማግሉታይድ የሚባለውን፣ ካዘዘልዎ መጥፎ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ላይ የጉልበት አርትራይተስ ያለባቸውን ወፍራም ሰዎች ክብደትም ሕመምም ቀንሷል። ብቻ ሰመመን ሰጪው ማወቅ አለበት፤ መርፌው ምግብ ጨጓራ ውስጥ እንዲቆይ ስለሚያደርግ፣ ጾመውም ጨጓራዎ ባዶ ላይሆን ይችላል።

አራተኛ ሆነ እንጂ፣ ውጤቱን ሲያነጻጽሩ ከማን ጋር እንደሆነ ይጠንቀቁ። ወፍራም ታካሚዎቼ በዓመቱ ከቀጫጭኖቹ ትንሽ ዝቅ ብለው ነው የሚገኙት፤ እውነት ነው። ሲጀምሩ ግን ከእነሱ እጅግ ዝቅ ብለው ነበር። የሄዱት ርቀት ያው ነው ማለት ይቻላል።

ቾክና ዳስተር (ጠያቂ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ዝም ያልኩት ፈተና እያረምኩ ስለነበር ነው፤ ትንሽም ስለደነገጥኩ።

«ሁለት ምርኩዝ» ያለውን ስኳር ሳነብ ሳቅኩ። እኔ ስኳር የለብኝም፣ ማንም ብሎኝ አያውቅም። ግን ሌሊት ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት እነሳለሁ፤ ያንንም ዕድሜ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ለማንኛውም ብዬ ሄጄ ተመረመርኩ። የሦስት ወሩ 8.3። የላብራቶሪው ልጅ ወረቀቱን ሲሰጠኝ በጣቱ ቁጥሩን ሸፈን አድርጎ «ለሐኪም ያሳዩት» አለኝ። ከ6.5 ጀምሮ ስኳር ነው የሚባለው ለካ። አልቡሚን 3.4። ይኼንኛው ረሃቤ ያመጣው ይሆናል።

ወረቀቱን ይዤ ሰርጅኑ ዘንድ ተመለስኩ። 109 ኪሎ ነበርኩ፤ አሁንም ከ40 በላይ፣ 40.5። አረንጓዴ ጋውን እንዳለችኝ «ከኪሎው ሌላ እኔ ላይ የሚያሳስብዎት ምንድን ነው?» አልኩት። ወንበሩን አዞረና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኝ። ሁለቱን ቁጥሮች ሲያይ እስክርቢቶውን አስቀመጠ። «ይህን ባለፈው ማዘዝ ነበረብኝ» አለ። እውነቱን ለመናገር ይህን ይላል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ያዘጋጀሁትን ንግግር በሙሉ ረሳሁት።

40ዋን ወደ ጎን ብሏታል። አሁን ያለኝ ሌላ ቁጥር ነው፤ ስኳሩ ከ7.5 በታች ይግባ፣ አልቡሚኑ ይመለስ፣ በሦስት ወር እንደገና ይለካ፣ ከዚያ ቀን ይቆረጣል። ምርመራው ያለፉትን ሦስት ወራት ያህል ስለሚያሳይ አስቀድሞ መለካት ጥቅም የለውም ብሎኛል። በዚህኛው አልተከራከርኩም፤ ይኼኛው ሒሳብ ይገባኛል። ከየት በኩል ነው የሚቀዱኝ ስለው «ከኋላ፤ እጥፋቱ እንዳይተኛበት» አለኝ። እንቅልፌም ይመረመራል፤ ባለቤቴ ስለ ማንኮራፋቴ የሰጠው ምስክርነት ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ነበር።

ቁጥር አይገዛኝም፣ ወረቀትህን አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር። አላወጣሁትም። ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩ ግን አበረታኝ።

ፊዚዮ፣ ምርኩዙን በግራ እጄ ነበር የምይዘው። ሦስት ዓመት ሙሉ! ወደ ቀኝ ከቀየርኩት በኋላ 11ኛው ደረጃ ላይ ቦርሳዬን መክፈት ትቻለሁ፤ አሁን የምከፍተው 17ኛው ላይ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ለሳምንታት ጎንበስ ማለት ክልክል ነው ተባልኩ፤ እንዳይወልቅ። ታዲያ ካልሲውን ምን አደርገዋለሁ? ባለቤቴም ጉልበቱን ማመም ጀምሮታል።

ሁለት ምርኩዝ

ካልሲ ማስገቢያ የሚባል ዕቃ አለ፤ ግማሽ ቦይ የመሰለ ፕላስቲክ ነው፣ ከላዩ ሁለት ገመድ አለው። ካልሲውን ቦዩ ላይ ታለብሺዋለሽ፣ ተረከዙ ወደ ታች ይሁን፣ ጫፉ ድረስ ግጥም አድርገሽ። ገመዱን ይዘሽ መሬት ላይ ትጥይዋለሽ፣ እግርሽን ታስገቢያለሽ፣ ትስቢዋለሽ። ቦዩ ወጥቶ ካልሲው እግርሽ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ አምልጦኛል። አሁኑኑ ተለማመጂበት፣ ቁስል ሳይኖርብሽ።

ቾክና ዳስተር (ጠያቂ)

ገመዱ ምን ያህል ይርዘም?

ሁለት ምርኩዝ

ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ፣ ቦዩ መሬት ላይ ሆኖ፣ ጫፉ ጭንሽ ላይ እስኪደርስ። የእኔ አጥሮብኝ የጫማ ማሰሪያ ቀጠልኩበት።

ቾክና ዳስተር (ጠያቂ)

ቀኙን አሁን ሞከርኩት፤ ገባ። ግራውን ነገ ጠዋት፣ ባለቤቴ ሳይነሳ።